በድቅል ተክሎች ውስጥ የሚታየው የክሮሞሶም መጣመር ስለ ዝምድና ምን ያህል ይነግረናል?

ታቦር ማዶ (ጠያቂ፣ ሐዋሳ)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሐዋሳ ውስጥ በዕፅዋት ማዳቀል የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በመከታተል ላይ የምገኝ ተማሪ ስሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፌ በጎመንዘርና በቅርብ ዘመዶቹ ላይ ያተኩራል። ጎመንዘርን እናት፣ ጥቁር ሰናፍጭን አባት አድርጌ በማዳቀል ያገኘኋቸው ተክሎች አሁን በማበብ ላይ ናቸው፤ እንቡጣቸውን እየወሰድኩ በሚዮሲስ (የዘር ሕዋሳት በሚፈጠሩበት የሕዋስ ክፍፍል) ወቅት ክሮሞሶሞቻቸው እንዴት እንደሚጣመሩ በማይክሮስኮፕ እመለከታለሁ። በአብዛኞቹ ሕዋሳት ውስጥ 8 ጥንዶችና 9 ነጠላ ክሮሞሶሞች ይታያሉ። በጥቂቶቹ ግን ጥንዶቹ ከ8 አልፈው 9 ወይም 10 ይሆናሉ፤ አልፎ አልፎም ሦስት ክሮሞሶሞች አንድ ላይ ተያይዘው አገኛለሁ።

ከዚህ ቆጠራ ተነሥቼ ከጎመንዘር ሁለት ጂኖሞች (ከወላጅ ዝርያዎቹ ከተወረሱት ሙሉ የክሮሞሶም ስብስቦች) አንዱ የመጣው ከጥቁር ሰናፍጭ ነው ብዬ መደምደም እችላለሁን? ከ8 በላይ የሆኑትን ጥንዶችስ እንዴት ልተርጉማቸው? አብረውኝ የሚማሩ ጓደኞቼ የዲ ኤን ኤ ቅደም ተከተል በሚነበብበት በዚህ ዘመን ጥንድ መቁጠር ጊዜው ያለፈበት ሥራ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ክሮሞሶሞቹ ራሳቸው የሚያሳዩት ምርጫ በሌላ መንገድ የማይገኝ ማስረጃ እንደሆነ አምናለሁ። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እህታችሁ።

አላሙራ (ጡረታ የወጣሁ የሥነ ሕይወት መምህር)፦

ልጄ፣ ያገኘሽው ቁጥር ከሚጠበቀው ጋር በትክክል ይገጥማል። ጎመንዘር 34 ክሮሞሶሞች ስላሉት በእንቁላሉ 17 ያስተላልፋል፤ ጥቁር ሰናፍጭ ካሉት 16 ውስጥ 8 ይሰጣል፤ ድቅሉም 25 ክሮሞሶሞች ይኖሩታል። ናጋሃሩ ኡ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 የዚህን ወገን ዝምድና በሦስት ማዕዘን ሥዕል ሲያስቀምጥ በሦስቱ ጫፎች ላይ ሦስት መሠረታዊ ዝርያዎችን አስፍሯል፦ ተርኒፕና የቻይና ጎመን የሚመደቡበትን ባለ 20 ክሮሞሶም ዝርያ፣ ባለ 16 ክሮሞሶሙን ጥቁር ሰናፍጭ፣ እንዲሁም ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን የሚመደቡበትን ባለ 18 ክሮሞሶም ዝርያ። ጂኖሞቻቸው በቅደም ተከተል ኤ፣ ቢ እና ሲ ይባላሉ። በጎኖቹ ላይ ያሉት ሦስት ዝርያዎች ደግሞ ከእነዚህ ሁለት ሁለቱ ተዳቅለውና ክሮሞሶሞቻቸው በእጥፍ በዝተው የተገኙ ናቸው፤ የእኛው ጎመንዘር ቢ እና ሲን፣ የህንድ ሰናፍጭ ኤ እና ቢን፣ ካኖላ ደግሞ ኤ እና ሲን ይዟል። ኡ ሐሳቡን በቆጠራ ብቻ አልተወውም፤ ባለ 20ውን ዝርያና ባለ 18ቱን አዳቅሎ ካኖላን የሚመስል ተክል ራሱ መሥራት ችሏል።

ይሁን እንጂ ከመደምደምሽ በፊት አንድ ነገር ልብ እንድትይ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ተማሪዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ቁልፍ ነጥብ ይህ ነው። ቆጠራው ስንት ጥንድ እንዳለ ይነግርሻል እንጂ ማን ከማን ጋር እንደተጣመረ አይነግርሽም። ስዊድናዊው ኦቶ ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1909 ነፍሳትን አጥምደው በሚመገቡት የድሮሴራ ተክሎች ላይ ባለ 20 ክሮሞሶሙን ዝርያ ከባለ 40ው ጋር ባዳቀለ ጊዜ፣ በድቅሉ ውስጥ 10 ጥንዶችና 10 ነጠላዎች አግኝቶ ነበር። ይህ ውጤት የአንዱ ዝርያ 10 ክሮሞሶሞች ከሌላው 10 ጋር ተጣመሩ፣ የቀሩት 10ሩ አቻ አጡ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ነገር ግን የባለ 40ው ዝርያ 20 ክሮሞሶሞች እርስ በርሳቸው ተጣምረው 10 ጥንድ ሠሩ፣ የሌላው 10 ክሮሞሶሞች ብቻቸውን ቀሩ ቢባልም ቁጥሩ ያው ነው። የመጀመሪያው ንባብ ስለ ሁለቱ ዝርያዎች ቅርበት ይመሰክራል፤ ሁለተኛው ግን ስለ እነርሱ ቅርበት አንዳች አይናገርም።

አሁን ወደ ራስሽ ድቅል ተመለሽ። የጎመንዘር 8 የቢ ክሮሞሶሞች ከሰናፍጩ 8 ጋር ቢጣመሩ 9ኙ የሲ ክሮሞሶሞች ነጠላ ይሆናሉ፤ 8 ጥንድና 9 ነጠላ። በአንጻሩ የጎመንዘር የራሱ ቢ እና ሲ ክሮሞሶሞች እርስ በርስ ቢጣመሩ 8 ጥንድ ይሠሩና አንድ ሲ ይቀራል፤ ያ አንዱ ከሰናፍጩ 8 ክሮሞሶሞች ጋር ሲደመር እንደገና 9 ነጠላ ይሆናል። ስለዚህ የአንቺ ቆጠራ ብቻውን ሁለቱን አማራጮች አይለይም። የሚለየው ሌላ ድቅል ነው። ጎመንዘርን ከጥቅል ጎመን ወገን ጋር ብታዳቅዪ 26 ክሮሞሶሞች ይኖራሉ፤ ሲ ከሲ ጋር የሚጣመር ከሆነ 9 ጥንድና 8 ነጠላ ታገኛለሽ፤ ጎመንዘር በውስጡ የሚጣመር ከሆነ ግን 8 ጥንድና 10 ነጠላ ነው የምታገኚው። ቀደምት ተመራማሪዎች ያገኙት የመጀመሪያውን ነው። በተጨማሪም ሰናፍጭና ጥቅል ጎመን በቀጥታ ሲዳቀሉ ቢ እና ሲ የሚጣመሩት በጥቂቱ ብቻ በመሆኑ ሁለተኛው አማራጭ ክብደቱ በእጅጉ ይቀንሳል። መደምደሚያሽ ጠንካራ የሚሆነው እነዚህን ድቅሎች ጎን ለጎን ስታቀርቢ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ከሁለቱ ወላጆች የትኛው እናት እንደነበረ መጣመር ሊነግርሽ አይችልም። ጥቁር ሰናፍጭ የጎመንዘር እናት እንደነበረ የታወቀው ከእናት ከሚወረሰው የክሎሮፕላስት ዲ ኤን ኤ ነው።

የስንዴ ማሳ (አዳማ)፦

መምህር የጠቀሱት ነጥብ መሠረታዊ ነው። እኔ የምጨምረው መጣመርን የሚቆጣጠሩ ጂኖች መኖራቸውን ነው፤ ለዚህም ከስንዴ የተሻለ ምሳሌ የለም።

የስንዴ ታሪክ የተጻፈው በአብዛኛው በዚህ ዘዴ ነው። ሳካሙራ እ.ኤ.አ. በ1918 የስንዴ ዝርያዎች 14፣ 28 እና 42 ክሮሞሶሞች እንዳሏቸው ካሳየ በኋላ፣ ኪሃራ ባለ 28ቱን፣ የዱረም ስንዴን ወገን፣ ከባለ 42ቱ የዳቦ ስንዴ ጋር አዳቅሎ በባለ 35 ክሮሞሶሙ ድቅል ውስጥ 14 ጥንዶችና 7 ነጠላዎች አገኘ። ይህም የዳቦ ስንዴ የዱረም ስንዴን ሁለት ጂኖሞች እንደያዘና በላያቸው አንድ ሦስተኛ እንደጨመረ አመለከተው። ያ ሦስተኛው ጂኖም፣ ዲ የሚባለው፣ ኤጂሎፕስ ታውሺ ከተባለ የዱር ሣር እንደመጣ እ.ኤ.አ. በ1944 ኪሃራ በጃፓን፣ ማክፋደንና ሲርስ ደግሞ በአሜሪካ፣ በጦርነቱ ምክንያት አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያይ ደርሰውበታል። ኤጂሎፕስ ታውሺ ከዳቦ ስንዴ ጋር ሲዳቀል 7 ጥንድና 14 ነጠላ ይሰጣል። ማክፋደንና ሲርስ ባለ 28 ክሮሞሶሙን ስንዴ ከዚህ ሣር ጋር አዳቅለው ክሮሞሶሞቹን በእጥፍ በማብዛት ባለ 42 ክሮሞሶም ስንዴ እንደገና ሠርተዋል፤ እኔ በግሌ ከማንኛውም የቆጠራ ሠንጠረዥ በላይ የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

እዚህ ድረስ ዘዴው በድል ተጉዟል። እንቅፋቱ የመጣው በስንዴው ቢ ጂኖም ላይ ነው፤ ፊደሉ ከጎመን ወገን ቢ ጋር ቢመሳሰልም ጂኖሙ ሌላ ነው። ኤጂሎፕስ ስፔልቶይደስ የተባለው ሌላ የዱር ሣር ከስንዴ ጋር ሲዳቀል ክሮሞሶሞቹ በብዛት ይጣመራሉ፤ ይህን ያየ ሰው ቅርበቱ እጅግ ጥብቅ ነው ብሎ ለመደምደም አይዘገይም። እ.ኤ.አ. በ1958 ግን ራይሊና ቻፕማን በእንግሊዝ፣ ሲርስና ኦካሞቶ ደግሞ በአሜሪካ፣ 5ቢ በተባለው የስንዴ ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ ከፊል አቻ የሆኑ ክሮሞሶሞች እንዳይጣመሩ የሚያግድ ጂን እንዳለ አሳዩ፤ ይህ ጂን ዛሬ ፒ ኤች 1 ይባላል። 21 ክሮሞሶሞች ብቻ ባሉት የዳቦ ስንዴ ተክል ውስጥ መጣመር የለም ለማለት ይቻላል፤ 5ቢ ሲወገድ ግን ኤ፣ ቢ እና ዲ መጣመር ይጀምራሉ። ክሮሞሶሞቹ ራሳቸው አልተለወጡም፤ የተነሣው አጋጁ ብቻ ነው። ስፔልቶይደስ የዚህን አጋጅ ሥራ የሚያዳክሙ ጂኖች ስላሉት፣ በድቅሉ ውስጥ ከሚታየው መጣመር ብዙው የዝምድና ምልክት ሳይሆን የአጋጁ መዳከም ውጤት ነው። ስፔልቶይደስ በሌሎች ማስረጃዎችም ለቢ ጂኖም ቅርብ ዘመድ መሆኑ ይታመናል፤ ይሁን እንጂ የመጣመሩ ብዛት ብቻውን ቀጥተኛ ወላጅ አያደርገውም።

ስለዚህ እህቴ፣ መጣመር አለመታየቱ የዝምድና አለመኖር ማረጋገጫ አይደለም፤ መጣመር መታየቱም የቅርበት መለኪያ የሚሆነው ተቆጣጣሪው ጂን በታወቀበት ሁኔታ ነው። በተጨማሪም ክሮሞሶም አጋር የሚመርጠው ካሉት መካከል መሆኑን አትርሺ። በጎመን ወገን ውስጥ ኤ እና ሲ ብቻቸውን በአንድ ድቅል ሲገናኙ በሰፊው ይጣመራሉ፤ በካኖላ ውስጥ ግን እያንዳንዱ እውነተኛ አቻው አጠገቡ ስላለ ኤ ከኤ፣ ሲ ከሲ ጋር ይሄዳል። በዚህም ምክንያት የሁለት መሠረታዊ ዝርያዎች ድቅል የሚያሳየው የመጣመር መጠን ቅርበታቸውን አጋንኖ ሊያሳይ ይችላል፤ ምርጫ ባለበት ድቅል ውስጥ የሚታየው ግን ይበልጥ የሚታመን ነው። የአንቺ ድቅል ምርጫ ያለበት በመሆኑ ጥሩ ላይ ነሽ።

ታቦር ማዶ (ጠያቂ)፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 8 ጥንድና 9 ነጠላ በሁለት መንገድ ሊነበብ እንደሚችል ፈጽሞ አላሰብኩም ነበር፤ ለመመረቂያ ጽሑፌ ትልቅ ነገር ነው። አሁን የሚያሳስበኝ ከ8 በላይ የሆኑት ጥንዶች እውነተኛ መሆናቸውን የማረጋግጥበት መንገድ ነው። ተጠጋግተው የተኙ ሁለት ነጠላዎችን ጥንድ ብዬ ቆጥሬ እንደሆነስ?

ቤተ ሙከራ (ሐዋሳ)፦

እህቴ፣ በእንቡጥ ዝግጅት ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ስለቆየሁ ጥያቄሽ ቅርቤ ነው።

በመጀመሪያ የምታዪው ተክል እውነተኛ ድቅል መሆኑን አረጋግጪ። ጎመንዘር ራሱን በራሱ ማዳቀል የሚችል ተክል በመሆኑ፣ ወንዴው አካል ሳይወገድ የቀረበት አበባ የሚሰጠው ዘር ንጹሕ ጎመንዘር ሊሆን ይችላል። የሥር ጫፍ ወስደሽ ቁጠሪ፤ 34 ካገኘሽ ድቅል አይደለም፤ 25 መሆን አለበት።

እንቡጡን በማለዳ ሰብስቢ። የብናኝ ከረጢቶቹ ገና ብርሃን የሚያሳልፉና አረንጓዴ ቢጤ ሳሉ ነው ሚዮሲስ የሚገኘው፤ ቢጫ ከሆኑ ብናኙ ተሠርቷል፣ ዘግይተሻል ማለት ነው። በአንድ የአበባ ዘለላ ላይ እንቡጦቹ በዕድሜ ስለሚለያዩ ዘለላውን እንዳለ ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ ንጹሕ አሴቲክ አሲድ ባለበት ድብልቅ ውስጥ ክተቺውና በማግሥቱ ወደ 70 በመቶ አልኮል አዛውረሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪ። ከዚያም አንዱን ከረጢት በስላይድ ላይ አውጥተሽ በአንድ ጠብታ አሴቶካርሚን (ክሮሞሶምን የሚያቀልም ፈሳሽ) ውስጥ በብረት መርፌ ጨፍልቂው። ዝገት የነካው መርፌ ቢሆን ይመረጣል፤ ከመርፌው የሚወጣው ጥቂት ብረት ቀለሙን ያደምቀዋል። ገለባውን አንድ በአንድ ልቀሚ፣ መሸፈኛ መስታወቱን አኑሪ፣ ሳይፈላ በመንፈስ መብራት ላይ አሙቂ፣ ከዚያ በመምጠጫ ወረቀት ውስጥ አድርገሽ በአውራ ጣት ቀጥ ብለሽ ተጫኚ። መስታወቱ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሕዋሳቱ ይበተናሉ፤ ነጠላዎቹም ከቦታቸው ይሄዳሉ።

ጥንድን ከሁለት ጎረቤት ነጠላዎች የምትለዪው በሚያሳየው ውጥረት ነው። እውነተኛ ጥንድ በሜታፌዝ የክፍፍል ደረጃ ላይ በሕዋሱ ወገብ ይሰለፍና ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ተወጥሮ ይታያል፤ በሁለቱም ክንዶች ከተያያዘ ቀለበት፣ በአንዱ ብቻ ከተያያዘ በትር ይመስላል። ነጠላዎች አብዛኛውን ጊዜ ከወገቡ ርቀው ተበታትነው ይቀመጣሉ እንጂ ውጥረት አይታይባቸውም። በምትመዘግቢበት ጊዜ ቀለበትና በትርን ለይተሽ ጻፊ፤ ቀለበቶቹ ብዙ ከሆኑ የሁለቱ ክሮሞሶሞች ተመሳሳይነት በሁለቱም ክንድ የተጠበቀ መሆኑን ያመለክታሉ፤ ይህም ከጥንድ ቁጥር የበለጠ መረጃ ይሰጣል። በእያንዳንዱ ሕዋስ ላይ ድምሩን አረጋግጪ፦ የጥንዶቹ እጥፍ፣ የሦስትዮሾቹ ሦስት እጥፍና ነጠላዎቹ ተደምረው 25 ካልሆኑ ያንን ሕዋስ ከሠንጠረዡ አውጪው።

ወላጆቹንም በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ቦታ ከበቀሉ ተክሎች ተመልከቺ። ጎመንዘር 17 ጥንድ፣ ሰናፍጭ 8 ጥንድ ካላሳዩሽ መጣመሩን ያጎደለው ዝምድና ሳይሆን ሙቀት ወይም የውኃ እጥረት ሊሆን ይችላል።

አላሙራ፦

ቤተ ሙከራ ያሉት ሁሉ ሊተገበር የሚገባው ነው። በዚህ መንገድ ተጣርተው የሚቀሩ ትርፍ ጥንዶች ካሉ፣ ሁለት ምንጮች ሊኖሯቸው ይችላል። አንደኛው በቢ እና በሲ መካከል ያለው የቆየ ተመሳሳይነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአንዱ ጂኖም ውስጥ የሚደረግ መጣመር ነው፤ የጎመን ወገን ቅድመ አያት በጥንት ጊዜ ጂኖሙ በሦስት እጥፍ የበዛ በመሆኑ፣ የተርኒፕና የቻይና ጎመን ዝርያ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም በግልጽ እንደታየው፣ በአንድ ጂኖም ውስጥ እንኳ አንዱ ክሮሞሶም ከሌላው ጋር የሚጋራቸው ረጃጅም ክፍሎች አሉ። 9ኙ የሲ ክሮሞሶሞች አጋር በማጣታቸው እነዚህን የቆዩ ተመሳሳይነቶች ተከትለው እርስ በርስ ሊገናኙ ይችላሉ። ሦስት ሆነው የተያያዙትም ሁለት ቢ እና አንድ ሲ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም በሰናፍጩና በጎመንዘሩ ቢ መካከል የክሮሞሶም ክፍል ቦታ ተለዋውጦ ሊሆን ይችላል። እነዚህን በቆጠራ መለየት አይቻልም። የአንዱን ወላጅ ሙሉ ዲ ኤን ኤ በፍሎረሰንት ቀለም ምልክት አድርጎ በድቅሉ ክሮሞሶሞች ላይ ማጣበቅ ግን ይለያቸዋል፤ ቢ በአንድ ቀለም፣ ሲ በሌላ ይታያል፤ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘም በዓይንሽ ታያለሽ።

አናፌዝንም፣ ክሮሞሶሞቹ ተለያይተው ወደ ዋልታዎቹ የሚሄዱበትን ደረጃ፣ አትለፊው። ከአንድ ዋልታ ወደ ሌላው የተወጠረ ድልድይና ከጎኑ የወደቀ ቁራሽ ካየሽ፣ በሁለቱ ወላጆች መካከል የአንድ ክሮሞሶም ክፍል ተገልብጦ እንደነበር ያሳያል። ሁለት ዝርያዎች የክሮሞሶም ቁጥራቸው አንድ ሆኖ በእንዲህ ዓይነት መገለባበጥና መዘዋወር ብቻ ሊራራቁ ይችላሉ፤ የሱፍ አበባ የዱር ዘመዶች፣ 34 ክሮሞሶሞች እያሏቸው ድቅላቸው በከፊል መካን የሚሆነው በዚህ ነው።

ጓደኞችሽ ስለ ቅደም ተከተል ንባብ የሚሉትን በተመለከተ፣ የዘር ሐረግን ቅርንጫፍ ቅደም ተከተል ለመሥራት ዲ ኤን ኤ የተሻለ መሆኑን አልክድም። መጣመር ከተወሰነ ርቀት በኋላ ስለሚቆም ሩቅና እጅግ ሩቅ የሆኑትን አይለይም። ይሁን እንጂ ከአንዱ ዝርያ የተፈለገ ጂን ወደ ሌላው ይሻገር እንደሆነ ለማወቅ ለሚፈልግ አዳቃይ ክሮሞሶሞቹ መጣመራቸውና ክፍል መለዋወጣቸው ራሱ ጉዳዩ ነው።

የቡና ልማት ባለሙያ (ይርጋለም)፦

መምህር፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ነገር በቡናችን ላይ እንዴት ይታያል? ዐረቢካ ከሁለት ዝርያዎች መገኘቱን ሰምቻለሁ።

አላሙራ፦

ወንድሜ፣ ዐረቢካ ቡና 44 ክሮሞሶሞች ሲኖሩት፣ ወላጆቹ የሆኑት ሮቡስታ የሚመደብበት ካኔፎራና ዩጂኒዮይደስ የተባሉት ዝርያዎች ግን እያንዳንዳቸው 22 አሏቸው። ዐረቢካ በሚዮሲስ ወቅት በደንቡ 22 ጥንዶችን ይሠራል። ሁለቱ ጂኖሞቹ እጅግ ተቀራራቢ በመሆናቸው በቆጠራ ብቻ ወላጆቹን በእርግጠኝነት መለየት አስቸጋሪ ነበር፤ ጉዳዩ የጠራው እ.ኤ.አ. በ1999 በሞለኪውል ምልክቶችና ክሮሞሶሞችን በቀለም በመለየት ነው። ዐረቢካ ከሮቡስታ ጋር ሲዳቀል የሚገኘው ባለ 33 ክሮሞሶም ተክል በአብዛኛው መካን ይሆናል፤ በቲሞር ደሴት በተፈጥሮ የተገኘው ድቅል ግን 44 ክሮሞሶሞች ስላሉት ከዐረቢካ ጋር በቀላሉ ተዳቅሎ የቅጠል ዝገትን የመቋቋም ባሕርይ ለብዙ ዝርያዎች አውርሷል። የሮቡስታው ክሮሞሶም ከዐረቢካው ጋር ባይጣመር ኖሮ ያ ባሕርይ ባልተላለፈ ነበር።

ታቦር ማዶ (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሚቀጥለው ሥራዬ ጎመንዘርን ከጥቅል ጎመን ጋር ማዳቀል ይሆናል። ችግሩ ጥቅል ጎመን ለማበብ ረዘም ያለ ቅዝቃዜ የሚፈልግ መሆኑና ሐዋሳ ላይ እንደልብ አለማበቡ ነው።

ቤተ ሙከራ (ሐዋሳ)፦

ጥቅል ጎመን የግድ አይደለም። በዚያው ዝርያ ውስጥ የሚመደበው የቻይና ኬል ያለ ቅዝቃዜ በአንድ ወቅት ያብባል፤ ክሮሞሶሙም ያው 18 ነው። ጎመንዘርን እናት አድርጊ፣ የወንዴውን አካል እንቡጡ ሳይከፈት አስወግጂ። ፅንሱ ፍሬው ውስጥ ሳይጎለምስ ሊጨነግፍ ስለሚችል፣ የፍሬ ከረጢቶቹ ገና አረንጓዴ ሳሉ ፅንሱን አውጥተሽ በተዘጋጀ ምግብ ላይ የምታሳድጊበትን የቲሹ ካልቸር ክፍል ከወዲሁ አስይዢ።